የሁለት ቅርጫት ዓሣ

ፋዲላ ዓሣ ትጠላለች። ትጠላለች ስላችሁ፣ እንደው «አልወድም» እንደሚባለው እንዳይመስላችሁ። ሽታው ሲመጣባት ጉሮሮዋ ጥርቅም ይላል፣ ምላሷ ስር ውኃ ይሞላል፣ ዓይኗ እንባ ያቀራል። እጇን በሎሚ ታሻለች፣ በአመድ ትፈትጋለች፣ በኦሞ ትለቃለቃለች። ማታ ጉንጯን መዳፏ ላይ አሳርፋ ልትተኛ ስትል ያው ነው። ዓሣ! ታዲያ የቀበሌውን የዓሣ ኩሬ ማን ይጠብቅ? እሷው!

ነገሩ እንዴት መጣ መሰላችሁ። ከእንጦጦ ወደ የካ የሚወርደው ወንዝ ዳር፣ ባሕር ዛፉ ከሚያልቅበት ዝቅ ብሎ፣ ቀበሌው ኩሬ አስቆፈረ። ብሔራዊ ውትድርና የሚሉት ነገር የመጣ ሰሞን ነው። ሊቀመንበሩ ጓድ ተክሌ ካኪውን ግጥም አድርጎ ስብሰባ ላይ ተነሳና፣

«ጓዶች! ክርስቲያኑ የእስላሙን ሥጋ አይበላም። እስላሙም የክርስቲያኑን አይበላም። እስከ መቼ? ዓሣ አይታረድም! ዓሣ ቢላዋ አያውቅም! አንድ ትሪ ላይ የሚያስቀምጠን ዓሣ ነው!» አለ።

ሰዉ አጨበጨበ። ለማጨብጨቡማ ያን ጊዜ ማን ይሰንፋል።

ስብሰባው ሲበተን ፋዲላን ነጠል አደረጋት።

«ጓድ ፋዲላ፣ ልጅሽ ሳልህ ደረሰ አይደል? ቁመቱ ደግሞ ለወታደር የተሰፋ ነው።»

የፋዲላ ባል ሾፌር ነበር፣ አሰብ መንገድ ላይ ነው የቀረው። ከሳልህ ሌላ ማንም የላትም።

«አይዞሽ» አለ ተክሌ፣ ጥርሱን በክብሪት እንጨት እየጎረጎረ። «ኩሬው ላይ ይሥራ፣ አንቺም እዚያው ሁኚ። የምርት ግንባር ላይ ነው ብለን እናስመዘግበዋለን። ኩሬው ሕዝቡን እስካበላ ድረስ ልጅሽን ማንም አይነካብሽም። ከከሸፈ ግን...»

የክብሪቱን እንጨት እንትፍ አለው። እንጨቱ የፋዲላ ጫማ ላይ አረፈ። እርጥብ ነበር። ያን ቀን ነው እንግዲህ ተክሌንም ከዓሣው እኩል የጠላችው።

ኩሬው ላይ ብቻዋን አልነበረችም። ጎረቤቷ ብዙነሽም ተመድባለች። ብዙነሽና ፋዲላ ግድግዳ ነው የሚለያቸው። ፋዲላ ሳልህን ወልዳ በወባ ስትንዘፈዘፍ፣ የራሷን ሴት ልጅ ታጠባ የነበረችው ብዙነሽ ናት ሕፃኑን አንስታ ሌላኛውን ጡቷን ያጎረሰችው። ሳልህ እስካሁን «እቴቴ» ነው የሚላት። ጨው ይበዳደራሉ፣ ፍም ይጫጫራሉ፣ ለቅሶ አብረው ይደርሳሉ። ሥጋ ላይ ብቻ ሲደርሱ ያቆማሉ። ለአረፋ ፋዲላ ዳቦ ትልካለች፣ ለፋሲካ ብዙነሽ ዶሮ ከነነፍሷ ትልካለች፣ «በእጅሽ አሳርጂ» ብላ። ማንም ማንንም አስቀይሞ አያውቅም።

የዓሣ ጫጩቶቹ ከሰበታ በኩል በወተት ጣሳ መጡ። ካርፕ ይባላሉ፣ ብርድ የሚችሉ ናቸው፣ ቅርፊትም ስላላቸው ካህናቱ አልከለከሉም። ችግሩ መኖ ነው። ዘመኑ የድርቅ ነው፣ ፉርሽካ ለላም እንኳ በሰልፍ ነበር። አንድ ወጣት ባለሙያ መጣና መላ ነገራቸው። ከሥጋ ቤት የሚጣለውን አንጀት፣ ጅማት፣ ሞራ በሽቦ ቅርጫት አድርጋችሁ ከውኃው በላይ ስቀሉት፤ ዝንብ ይመጣል፣ እንቁላሉን ይጥልበታል፣ ትል ይሆናል፣ ትሉ ውኃው ውስጥ ይረግፋል፣ ዓሣው ይበላል። አለቀ። «ሳይንስ ነው» አለና ሱሪውን ሰብስቦ ሄደ።

ሳይንሱ ሠራ! በሳምንቱ ቅርጫቱ ራሱ የሚተነፍስ ይመስል ጀመር። ነጭ ነገር ይርመሰመሳል፣ ይገፋፋል፣ ከሽቦው ቀዳዳ ጭንቅላቱን ያወጣና ጠብ ይላል። ጠብ፣ ጠብ፣ ጠብ። ከታች ደግሞ ውኃው ላይ ክብ ክብ አፎች ይከፈታሉ። ሽታውማ አይወራም፣ ጥርስ ላይ የሚለጠፍ ሽታ ነው።

«በስመ አብ!» አለች ብዙነሽ ነጠላዋን አፍንጫዋ ላይ አድርጋ። «ፋዲ፣ ይሄን እያየን ልንበላው ነው?»

«እኔ? ወላሂ አልበላም። አንቺ ብዪ።»

«እኔማ ሽሮዬ ምን አለኝ!»

ሳቁ። ሲስቁ አፋቸውን አልከፈቱም፣ ዝንቡ ይገባላ።

የመጀመሪያው ቅርጫት ሾላ ገበያ ካለው ከሣህሌ ሥጋ ቤት ነበር የሚመጣው። ሣህሌ ክርስቲያን ነው። ወሬው ወጣ። እዚያው ሾላ ሥጋ ቤት ያለው ነጅመዲን ፋዲላን መንገድ ላይ አቆማት።

«ፋዲላ፣ የሣህሌን ሥጋ የበላ ዓሣ ልታበሉን ነው?»

«ኧረ ነጅሙ፣ ዓሣው እኮ ትሉን ነው የሚበላው።»

«ትሉስ ምን በልቶ ነው?»

«ዶሮስ ያገኘችውን አይደል የምትለቅመው?»

«ዶሮማ ቢስሚላህ ተብሎባት ትታረዳለች፣ ያጠራታል። ዓሣን ማን ቢስሚላህ አለው? እንደበላ ነው ሆድ የሚገባው!»

ይሄ ነገር የካን አዳረሰው። ክርስቲያኖቹም ሲሰሙ «ልክ ነው፣ እኛስ ብንሆን የነጅመዲንን የበላ እንበላለን?» አሉ። ተክሌ ስብሰባ ጠራ፣ ስለ ኋላቀርነት ጮኸ፣ ጠረጴዛ ደበደበ። በማግስቱ ግን፣ አትስቁ፣ ኩሬውን መሃል ለመሃል በመረብ አስከፈለው። ከላይ በኩል የሣህሌ ቅርጫት፣ ብዙነሽ ታየዋለች። ከታች በኩል የነጅመዲን ቅርጫት፣ ፋዲላ ታየዋለች። የካ ውስጥ የክርስቲያን ዓሣና የእስላም ዓሣ ተባለ። ሳልህ መረቡን ሲወጥር «እማ፣ ይሄኛው ሲሻገር ካየሁት መታወቂያ ልጠይቀው?» እያለ ያላግጥ ነበር።

ዓሣዎቹ ግን ወፈሩ። ፋዲላም ማታ ማታ እጇን እየፈተገች «ይሁን፣ ልጄ አጠገቤ ነው» ትል ነበር።

ከዚያ ዐቢይ ጾም ገባ።

አያችሁ፣ ይሄን ያሰበው ሰው አልነበረም። ባለሙያውም አላሰበ፣ ተክሌም አላሰበ። በጾም ክርስቲያን ሥጋ ቤት ይዘጋል! ሣህሌ መዝጊያውን ቆልፎ ቢላዋውን ጠቅልሎ ተቀመጠ። ከላይ ያለው ቅርጫት ደረቀ፣ ቆዳና ዝንብ ብቻ ቀረው። የክርስቲያኑ ዓሣ ተራበ። እርስ በርሱ ጭራ ይነጫጭ ጀመር። ጥቂቱ ሆዱን ወደ ሰማይ አድርጎ ተንሳፈፈ፣ ፋዲላ በእጇ እየለቀመች ስታወጣው ዓይኑ ነጭ ሆኖ ያፈጥባታል።

ተክሌ መጣ። ኩሬው አጠገብ አልደረሰም፣ ከሩቅ በመሐረብ አፍንጫውን ይዞ ነው ያወራት።

«ከከፍተኛው ጓዶች ሊጎበኙን ነው። ፎቶ ይነሳል፣ ክርስቲያንና እስላም በአንድ ትሪ ሲበላ፤ ዓሣ እንደሁ ጾም አያፈርስም። ይሄ ምንድነው የምትለቅሚው?»

«ሣህሌ ዘግቷል ጓድ ሊቀመንበር። ምን ላብላቸው?»

«ከነጅመዲን ለሁለቱም አምጪያ!»

«እንዴ! ክርስቲያኖቹስ?»

«ማን ያያል?»

«ብዙነሽ አለች።»

«ብዙነሽ ቤተክርስቲያን ውላ አይደል የምትመጣው? አትስማ።» መሐረቡን ከአፍንጫው አነሳ፣ ወዲያው መለሰው። «ስለ ብዙነሽ ነው የምታስቢው ወይስ ስለ ልጅሽ?»

እውነቱን ነው፣ ብዙነሽ በጾም ጠዋት ጠዋት እንጦጦ ኪዳነ ምሕረት ነው የምትወጣው፣ ቅዳሴ ሳይወጣ አትመለስም። ፋዲላና ሳልህ ጠዋት ከነጅመዲን በሁለት ከረጢት ያመጣሉ፣ አንዱን ከታች፣ አንዱን ከላይ ይደፉታል። ብዙነሽ ከሰዓት ስትመጣ ቅርጫቷ ሞልቶ ይጠብቃታል።

«ሣህሌ ዘግቶ የለ እንዴ? ከየት መጣ?»

«ከመዝጋቱ በፊት ያስቀረው ነበረው» አለች ፋዲላ።

ይሄን ስትል አፏን የሆነ ነገር ሸተታት። ቅርጫቱ አይደለም። ቤቷ ገብታ አፏን ሦስቴ ተጉመጠመጠች፣ አለቀቃትም። ብዙነሽ ደግሞ አመነቻት። ለምን አታምናትም? ፋዲላ መቼ ዋሽታት ታውቃለች?

የጉብኝቱ ቀን ደረሰ። ዓሣው ወጣ፣ ተቦደሰ፣ ግማሹ ተጠበሰ፣ ግማሹ ጉላሽ ሆነ። ኩሬው አጠገብ ሣሩ ላይ አንድ ትልቅ ትሪ ቀረበ። አንድ ትሪ ነው፣ ግን መሃሉ ላይ የሎሚ ቁራጭ ተደርድሮ ድንበር ተሠርቶለታል። በዚህ የላዩ ኩሬ ዓሣ፣ በዚያ የታቹ። የከፍተኛው ጓዶች ወንበር ላይ ተቀመጡ። ፎቶ አንሺው አንድ ዓይኑን ጨፈነ።

ማንም እጁን አልዘረጋም።

«ጀምሩ እንጂ ጓዶች!» አለ ተክሌ እየሳቀ። ጥርሱ ብቻ ነው የሳቀው።

እማማ ወለተማርያም የሰፈሩ ትልቅ ሴት ናቸው፣ ማንንም አይፈሩም። «እርስዎ ይጀምሩልን እንጂ ጓድ ሊቀመንበር» አሉት።

«እኔማ ጨጓራዬ አያስበላኝም እማማ።»

«ወንበር ላይ ያሉትስ?» አሉ ወደ ጓዶቹ በአገጫቸው እያሳዩ። «የሁሉም ጨጓራ ነው?»

ሰዉ ጉሮሮውን ጠረገ። አንዱ ጓድ ሰዓቱን አየ። ፋዲላ ቀና ስትል ሣህሌን አየችው። ያ ለጾም ዘጋሁ ያለው ሣህሌ! ከኩሬው ከፍ ብሎ ባለው የቀበሌው ቢሮ፣ በጓሮ በር በኩል፣ ቢላዋውን በብብቱ ይዞ፣ የበሬ ሽንጥ በጀርባው አዝሎ ገባ። ከቢሮው የአዋዜ ሽታ መጣ። ለነሱ ጥሬ ሥጋ ተዘጋጅቶላቸዋል ማለት ነው! ይሄ ዓሣ፣ ይሄ ትል፣ ይሄ ሁሉ ግም፣ ለፎቶ ነው!

«እማማ ሳይጠራጠሩ አልቀሩም» አለ ተክሌ ወደ ብዙነሽ ዞሮ። «ጓድ ብዙነሽ፣ ይሄኛው በኩል የናንተው መሆኑን ንገሪያቸው።»

«የኛው ነው እማማ» አለች ብዙነሽ። «እኔው ነኝ ሳበላው የከረምኩት።» ከዚያ ወደ ፋዲላ ጠጋ ብላ በጆሮዋ፣ «እኔ ልጀምርላቸው። ካልጀመርኩ ልጁን ይወስዱብናል። በእመብርሃን፣ ሳላየው ነው የምውጠው» አለቻት።

ልጁን ይወስዱብናል። «ብሻል» አላለችም፣ «ብናል» ነው ያለችው።

ብዙነሽ አማተበች። ከሎሚው ድንበር ወዲህ፣ ከላዩ ኩሬ ዓሣ ቆርሳ ጎረስ ልታደርግ እጇን አነሳች። ከንፈሯ በጾም ደርቆ ተሰነጣጥቋል። ፎቶ አንሺው «እንደዛው! እንደዛው ያዙት!» አለ። ሳልህ ከኩሬው ዳር ቆሞ ያያል። ፋዲላ ልጇን አየች። የብዙነሽን ከንፈር አየች። ጉርሻው ከንፈሯ ጋ ሊደርስ ሲል የብዙነሽን እጅ ቀጨም አደረገችው።

«አትብዪ!»

«ምነው?»

«አትብዪ ብዙዬ። የነጅመዲን ነው። ጾም ከገባ ጀምሮ ሁሉም የነጅመዲን ነው።»

እማማ ወለተማርያም ነጠላቸውን ሰብስበው ተነሱ። ከሳቸው ኋላ ክርስቲያኑ በሙሉ ተነሳ። ነጅመዲን ደግሞ «እኔም ሁለት ከረጢት ለምን አልኩ እኮ!» ብሎ ራሱን ነቀነቀ፤ ለሱ ሥጋው የራሱ ነው፣ ሊበላ ይችል ነበር፣ ግን እሱም አልበላም። ያን ጊዜ እዚያ ትሪ ላይ ማን ይበላል?

ብዙነሽ ጉርሻውን አስቀመጠችው። ጣቷን ሣሩ ላይ ጠረገች። አየችው፣ እንደገና ጠረገች። ወንዙ ዳር ወርዳ በአሸዋ ፈተገችው። ፋዲላን አላየቻትም፣ አልተሳደበችም፤ እየፈተገች ነበር፣ ክንዷ ድረስ።

የከፍተኛው ጓዶች እየተሳሳቁ ወደ ሥጋቸው ገቡ። ተክሌ ግን ጥቂት ቀምሶ ተመለሰና ወደ ፋዲላ ተጠግቶ፣ የአዋዜ ትንፋሹን ፊቷ ላይ እየለቀቀ፣

«ሰኞ ጠዋት ልጅሽን ይዘሽ ቀበሌ ትመጫለሽ» አላት። «ካላመጣሽው እኛ እንመጣለን።»

ሰኞ ጠዋት ፋዲላ ቀበሌ አልሄደችም። ኩሬው ሄደች።

ኩሬው ዳር አንዲት የቆርቆሮ ጎጆ አለች። የሥጋ ቤቱ አንጀትና ሞራ ቅርጫት ላይ እስኪወጣ በበርሜል የሚጠራቀመው እዚያ ነው። ሰው አይገባባትም፣ ፋዲላ ራሷ ትንፋሿን ይዛ ነው ገብታ የምትወጣው። ሳልህን እዚያ አስገባችው። ከበርሜሎቹ ኋላ አስተኛችው፣ እላዩ ላይ ከረጢት ጣለች፣ ከረጢቱ ላይ አንድ ባልዲ አንጀት ደፋችበት። እየደፋች ታለቅሳለች።

«እማ፣ አልችልም» አላት ከስር።

«ትችላለህ። ባፍህ ተንፍስ።»

ብዙ ሳይቆይ ተክሌ መጣ፣ ፉፋ የሚባለውን አብዮት ጠባቂ ከነጠመንጃው አስከትሎ። ቤቷን ፈትሸው ነው የመጡት።

«የት አለ?»

«እኔ ምን አውቃለሁ። ወጣት ልጅ ነው፣ እግር አለው።»

ተክሌ ጎጆዋን አየ። ፋዲላ ቀድማው ሄዳ በሩን በሰፊው ከፈተችለት።

«ግቡ። ፈትሹ። የሕዝብ ንብረት አይደል?»

ሽታው እንደ ሰው ወጥቶ ተቀበላቸው። ፉፋ ጭንቅላቱን አስገባ፣ ወዲያው መልሶ አወጣው። ዓይኑ ቀልቷል።

«ጓድ ሊቀመንበር፣ እዚህ ሰው ቀርቶ ሰይጣንም አያድር!»

«ወግድ፣ ፈሪ!» ተክሌ መሐረቡን አፍንጫው ላይ ጭኖ አንድ እግሩን አስገባ። የረገጠው ነገር ፈረጠ። ዝቅ ብሎ አየ። የሚያብረቀርቀው ጫማው ላይ ነጭ ነገር እየተርመሰመሰ ወደ ካልሲው ይወጣል። አንዱ ካልሲው ውስጥ ገባ።

ኡኡ አለ። እየዘለለ ወጣ፣ ጫማውን እያራገፈ፣ ሣሩ ላይ በአራት እግሩ ሆኖ አስመለሰ። ፋዲላ ቆማ አየችው። ለወትሮው ይሄን ብታይ እሷም ታስመልስ ነበር፤ ያን ቀን ግን ምንም አልመሰላትም።

«ውኃ ላምጣልዎ?» አለችው። «ከኩሬው?»

«ይሄ ኩሬ ይደፈናል!» አለ አፉን እየጠረገ። «ነገ ይደፈናል! ልጁንም አገኘዋለሁ!» ፉፋ ብብቱን ይዞ ደግፎ ወሰደው። ፉፋ ዞር ሲል ይስቅ እንደሆን እንጃ፣ ትከሻው ይንቀጠቀጥ ነበር።

ፋዲላ ወደ ጎጆዋ ልትሮጥ ስትል፣ ከላይ ከባሕር ዛፉ መሃል ብዙነሽ ስትወርድ አየቻት። ከዚያች ቀን ወዲህ ተነጋግረው አያውቁም። በግድግዳው በኩል ሳሏን ትሰማለች፣ ያ ብቻ ነው። ብዙነሽ ሰላም አላለቻትም። ነጠላዋን አፍንጫዋ ላይ አስራለች፣ በእጇ ጥቅል ልብስ ይዛለች፤ ፍተሻውን በግድግዳው በኩል ሰምታ ኖሯል።

«ውስጥ ነው?»

ፋዲላ ራሷን ነቀነቀች።

ብዙነሽ ገባች። አንጀቱን በእጇ ስትገፋ ይሰማል፣ ስታስል ይሰማል፣ «ና የኔ ልጅ፣ ና» ስትል ይሰማል። እጁን ይዛ አወጣችው። ሳልህ ሳልህ አይመስልም። ከራሱ እስከ እግሩ ይከረፋል። ብዙነሽ ብርሃን ላይ አቁማ ከፀጉሩ ውስጥ ትሉን ትለቅምለት ጀመር። አንድ አንድ፣ በጣቷ፣ በዚያው ወንዝ ዳር ስትፈትገው በነበረው ጣቷ።

«እንታጠብና አካሉ ጋ ነው የምንወጣው» አለችው። አካሉ ወንድሟ ነው፣ ከኪዳነ ምሕረት ማዶ ድንች የሚያርስ። «እዚያ ማንም አይመጣብህም። ድንች ታወጣለህ። ሥጋ የለም፣ ማንም ምን በላህ አይልህም።»

«ብዙዬ» አለች ፋዲላ፣ «አፉ በዪኝ።»

ብዙነሽ ከሳልህ ፀጉር ቀና አላለችም።

«አፌ ጋ ሳይደርስ ይዘሽዋል። እሱን አልረሳም። ግን ሙሉ ጾም ዓይን ዓይኔን እያየሽ አበላሽው ዓሣውን። እሱንም አልረሳም።»

«ለልጄ ብዬ...»

«አውቃለሁ ለማን ብለሽ። ብትነግሪኝ ኖሮ አብሬሽ እዋሽ ነበር፣ ሞኝ። ሳልበላ እዋሽልሽ ነበር!» ትሉን መሬት ላይ ጥላ በጫማዋ ረገጠችው። «ላንቺ ብዬ አልመጣሁም። ጡቴን ለጠባው ነው።»

ፋዲላ ልጇን ልታቅፍ ቀረበች። «አትንኪው፣ ተጨማልቀሻል» አለቻት ብዙነሽ፣ ከዚያ የራሷን ክንድ አየች፣ እሷም ከፋዲላ እንደማትሻል አየች። ፋዲላም አቀፈችው። ሸተተ፣ በጣም ሸተተ፣ ጉሮሮዋ ጥርቅም አለ፣ አልለቀቀችውም።

ወንዙ ላይ ታጥቦ፣ ልብስ ቀይሮ፣ ሁለቱ ወደ ላይ ወጡ። ብዙነሽ ጥቂት ከሄደች በኋላ ቆመች። ከነጠላዋ ጫፍ የሆነ ነገር ፈታችና ወደ ታች ወረወረችላት። ሣሩ ላይ ተንከባለለ። ሎሚ ነበር።

«እጅሽን እሺበት» አለች፣ ሄደች።

ፋዲላ ሎሚውን አነሳችው። ከላይ ቅርጫቱ አሁንም ጠብ፣ ጠብ ይላል፣ ከታች አፎቹ ይከፈታሉ። ሎሚውን በጥርሷ ለሁለት ከፈለችው። በአንዱ ክፋይ እጇን እስከ ክርኗ አሸችበት። ሌላኛውን አልነካችውም፣ ቅጠል ላይ አኖረችው። ብዙነሽ ስትመለስ እጇ ይሸታታል።